«የቮልስ ሽታ ነው» አትበሉ፤ ቤንዚን ነው

ቮልስ ከሩቅ ስትመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ድምጿ ነው። አጠገብ ስትቆም ደግሞ ጠረኗ ይከተላል፤ የሞቀ ዘይት፣ ያረጀ የወንበር ልብስ፣ ቤንዚን። ባለቤቶቿ ይህን ጠረን ለምደውታል፤ እንዲያውም ወደውታል ማለት ይቀላል። ቀለሟን አሳድሰው፣ ጎማዋን ነጭ አስከብበው ቲክቶክ ላይ የሚለቋት ወጣቶች ሳይቀሩ «የቮልስ ሽታ እኮ ነው፣ ኖርማል ነው» ይላሉ።

ኖርማል አይደለም። ዘይት ትንሽ ብታልብ ይሁን፣ ዕድሜ ነው እንበል። ቤንዚን የምትሸት ቮልስ ግን የሆነ ቦታ ላይ ታፈሳለች። ያ የሆነ ቦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጋለ ብረትና ከኤሌክትሪክ ብልጭታ ብዙም አይርቅም።

ነገሩ የጥቂት አሮጌ መኪና ወዳጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ እዚህ ያለው መኪና እዚሁ ይቆያል፤ ይጠገናል፤ ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። ቮልስም ከነዚሁ ናት። ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ያለው ፋብሪካ የመጨረሻዋን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። እኛ አገር ደግሞ ታሪክ ውስጥ ገብታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር።

አንጀቷን የሚያውቃት ትውልድ ግን ጡረታ እየወጣ ነው። አሁን ጋራዥ የሚገባው ወጣት መካኒክ ኮምፒውተር ሰክቶ ስህተቱን ማንበብ ለምዷል። ቮልስ የሚሰካባት ቦታ የላትም። ስህተቷን የምትናገረው በጠረን፣ በጭስና በእርጥብ ቦታ ነው። ያንን ማንበብ ከባለቤቷ ይጠበቃል።

ቮልስ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ኮፈኖውን ከፍቶ ሞተር ሲያጣ ነው። ከፊት ያለው የቤንዚን ታንከር ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ ከታንከሩ ተነስቶ በወለሉ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን የብረት ቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ማርሽ ሣጥኑ አጠገብ ሲደርስ በጎማ ቱቦ ይቀጥላል፤ ሞተር ክፍል ገብቶ ፓምፑ ይስበዋል፤ ከፓምፑ በሌላ ጎማ ቱቦ ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣል። ፓምፑ፣ ካርቡሬተሩና ዲስትሪቢዩተሩ እዚያው ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት። ዲስትሪቢዩተር ማለት ሞተሩ በዞረ ቁጥር ውስጡ ብልጭታ የሚፈጠርበት ዕቃ ነው። ከላዩ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀሪውን መገመት አያቅትም።

ታንከሩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ደግሞ ታች ማርሽ ሣጥኑ ጋ ያለው ጎማ ቢሰነጠቅ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ቤንዚኑ በራሱ ክብደት መፍሰሱን ይቀጥላል። የሞተሩ አካል ራሱ የተሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ማግኒዥየም አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ ሲደፋበት ይብስበታል። ጎረቤት ባልዲ ይዞ ሲሮጥ «ተው!» ማለት የሚያስፈልግበት እሳት ይህ ነው። መኪናዋ ውስጥ ባለዱቄት እሳት ማጥፊያ ያዙ፤ እሳቱ ማግኒዥየሙ ጋ ሳይደርስ፣ ገና ቤንዚን ብቻ እያለ ነው የሚደረስበት። የምታስቀምጡት ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ የሚያገኘው ቦታ ይሁን፤ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያስቀመጠው ሰው እሳቱ አጠገብ ነው ያስቀመጠው።

አሁን ወደ ሌላው የዘወትር ቅሬታ። «ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፤ ነድቻት አጥፍቼ ሩብ ሰዓት ቆይቼ ስመለስ ግን አልነሳ ትላለች።» ይህን ያላለ የቮልስ ባለቤት ካለ አላገኘሁትም። ብዙው ሰው «ሞቃለች፣ ትቀዝቅዝ» ብሎ ይጠብቃል፤ ስትቀዘቅዝ ትነሳለች፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ግን አልተዘጋም።

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በዲናሞው ዘንግ ላይ ያለ ማራገቢያ ነው፤ እሱንም የሚያዞረው ቺንጊያ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል። ሙቀቱ ግን የትም አልሄደም። ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ካርቡሬተሩን ይጋግረዋል። ለዚህ ነው መኪናዋ ከቆመች በኋላ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ካርቡሬተሩ ስትነዳ ከነበረው የበለጠ የሚግለው። አንድ ማኪያቶ ተጠጥቶ እስኪወጣ ማለት ነው።

ቤንዚን እንደ ውኃ በአንድ የተወሰነ ዲግሪ አይፈላም። የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ስለሆነ ቀለል ያሉት ክፍሎቹ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መፍላት ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃ እንኳን በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላ እዚህ ከተማ ለምን ቶሎ እንደማይበስል የምታውቅ እናት ይህን ፊዚክስ ታውቀዋለች። ቤንዚንም እንደዚያው ቀድሞ ይፈላል። ከአዳማ ተነስታችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ደግሞ ከ1,700 ሜትር ገደማ ጀምሮ ሞተሩ እየተጫነ ይግላል፣ ግፊቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት።

ሙቀቱ የሚያደርሰው ጥፋት ሁለት ዓይነት ነው፤ እርስ በርሳቸውም ተቃራኒ ናቸው። በአንደኛው፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ትንሽ ሳህን ይፈላና ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ጉሮሮ ይገነፍላል፤ ሞተሩ ይታፈናል። በሌላኛው፣ ፓምፑ ወይም ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትምና ካርቡሬተሩ ይደርቃል። አንዱ ብዛት፣ አንዱ እጦት። ለሹፌሩ ግን ሁለቱም «አልነሳ አለች» ናቸው። ሳይለይ መርገጫውን ደጋግሞ ይረግጣል። እያንዳንዷ ርግጫ ካርቡሬተሩ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ፓምፕ እየጨመቀች ቤንዚን ትረጫለች። ቀድሞ የታፈነው ጭራሽ ይሰምጣል፤ ባትሪውም ይደክማል፤ ከዚያ «ግፉልኝ» ይመጣል።

ለመለየት ስልካችሁ ይበቃል። ቁልፉን ንቀሉ፤ የአየር ማጣሪያውን አንሱ፤ ከማንሳታችሁ በፊት ግን የትኛው ቱቦ የት እንደተሰካ ፎቶ አንሱ፣ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ። በስልኩ መብራት ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ እዩ፤ ቪዲዮም ቅረጹ። (አጠገባችሁ ሲጋራ የያዘ ሰው ካለ ይራቅ፤ ይህን መጻፍ ባላስፈለገ።) ማንም ሳይነካው ወደ ጉሮሮው ቤንዚን ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ችግሩ ብዛት ነው። ጠብታ ከሌለ የነዳጅ ማዞሪያውን በእጃችሁ አንዴ ብቻ አንቀሳቅሱት። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ካልረጨ ሳህኑ ባዶ ነው ማለት ነው።

ታፍና ከሆነ መርገጫውን ቀስ ብላችሁ እስከ ወለሉ ተጭናችሁ ያዙት፤ አትልቀቁት፣ አትደጋግሙትም። ሞተሪኖውን ከአሥር ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ አዙሩ። ስትነሳ ልቀቁት። ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ከዚያ ትስተካከላለች። ደርቃ ከሆነ ግን ከትዕግሥት ሌላ መድኃኒት የለም፤ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ማቆየት። ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጠመጥሙ አሉ። በመንገድ ላይ ያሠራል፤ ውኃው ግን ጎን ያለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ከገባ አንዱን ችግር በሌላ ቀየራችሁ።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ያ ጠብታ ከሙቀት ነው ወይስ ከማፍሰስ? ምርመራው የሚሠራው በማግስቱ ጠዋት ነው። ቀዝቅዛ ሳለች አስነሷት፣ አንድ ደቂቃ አቆዩ፣ አጥፉ፣ ወዲያው ጉሮሮውን እዩ። ቀዝቅዛም ከተንጠባጠበች ሙቀቱን አትክሰሱ። «ሙቀት ነው» እየተባለ የሚታለፈው ብዙ ችግር ጠዋት ላይም አለ፤ ጠዋት ላይ የሚያየው ሰው ስለሌለ ነው እንጂ።

ካርቡሬተር ውስጥ ያለው አሠራር አዲስ አይደለም፤ ቤታችሁ ጣሪያ ላይ አለ። ሮቶ ሲሞላ ውኃውን የምትዘጋውን ተንሳፋፊ ኳስ አስቡ። ሳህኑ ውስጥም ትንሽ ተንሳፋፊ አለች፤ ቤንዚኑ ከፍ ሲል ከፍ ትልና መግቢያውን በመርፌ ትዘጋለች። መርፌዋ ካለቀች ወይም ቅንጣት ቆሻሻ ከያዘች አትገጥምም፤ ሳህኑ ሞልቶ ይፈሳል። ተንሳፋፊዋ ተሰንጥቃ ቤንዚን ከገባባት ደግሞ ትሰምጣለች። አውጥታችሁ ጆሮ ላይ ነቅንቋት፤ ውስጧ የሚንቦጫቦጭ ካለ አትጠገንም፣ ትቀየራለች። መርፌዋ ሥር ያለችውን የመዳብ ቀለበት ካወጣችሁ በኋላ በሌላ ውፍረት አትተኩ። የቤንዚኑን ከፍታ የምትወስነው እሷ ናት።

አንዳንዴ መርፌዋ ጤነኛ ሆና ጥፋቱ የፓምፑ ይሆናል። የቮልስ ፓምፕ የሚሰጠው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ገደማ ነው፤ በጣም ትንሽ። ዘመናዊ የኢንጀክሽን መኪና ፓምፕ ከዚያ አሥር እጥፍ ይገፋል። «ፓምፑ ደከመ» ተብሎ ከሶማሌ ተራ የኢንጀክሽን መኪና ኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገዝቶ ሲገጠም መርፌዋ ልትቋቋመው አትችልም። እንዲህ ዓይነቱን «ማሻሻያ» በጭራሽ አልደግፍም። የራሷ ሜካኒካል ፓምፕ ሲገጠምም ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ውፍረት የፓምፑን ምት ይወስናል፤ አንዷን ጥሎ መግጠም ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል።

ከውጭ የሚፈሰው ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ ፍለጋውንም ከሩቅ አትጀምሩ። ሶሌክስ የሚባሉት የቮልስ ካርቡሬተሮች ክዳን ላይ ቤንዚኑ የሚገባበት አጭር የናስ ቱቦ አለ። ጥርስ የለውም፤ በግፊት ብቻ ነው የተሰካው። ለዓመታት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይላላል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ከነጎማው ይወልቃል፤ ፓምፑ ግን መግፋቱን አያቆምም፤ ቤንዚኑ በቀጥታ የጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። ቮልስ በሚያውቁ መካኒኮች ዘንድ በጣም የታወቀ የእሳት ምክንያት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በጣታችሁ ይዛችሁ ለማዞር ሞክሩ። ከዞረ ጨርሷል። በሙጫ ማጣበቅ መፍትሔ አይደለም። ክዳኑን ቶርኖ ቤት ወስዶ ጥርስ ማስወጣትና በሚጠብቅ ቱቦ መተካት ነው። የሥራው ዋጋ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ይህን ቱቦ ከሚጎዱት አንዱ በበጎ አሳብ የሚገጠም ዕቃ ነው፤ በፓምፑና በካርቡሬተሩ መሃል የምትንጠለጠለው ግልጽ የፕላስቲክ ማጣሪያ። ቪዲዮ ላይ ታምራለች፣ ቤንዚኑ ሲያልፍ ይታያል። ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ግን ክብደቷ የናሱን ቱቦ ይነቀንቀዋል፤ እሷም ከሙቀቱ ትሰነጠቃለች። ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ቦታው ከፓምፑ በፊት፣ ከሞተሩ ክፍል ውጭ ነው።

ቀጥሎ የጎማ ቱቦዎቹ። ቤንዚን የሚችለው ጎማ ከውኃ ጎማ ይለያል፤ ከሕክምና ዕቃ መደብር ከሚገዛ ግልጽ ቱቦማ በጣም ይለያል። የተሳሳተው ጎማ ሲገጠም ይመቻል፤ ከወራት በኋላ ወይ ይደርቃል ወይ ያብጣል። አሮጌ ጎማ በኢታኖልም ይጎዳል። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ከኢታኖል ጋር ተደባልቆ ይሸጥ በነበረበት ዘመን የነበረ ቱቦ ዛሬም መኪናዋ ላይ ካለ ዕድሜውን ጨርሷልና አታስታሙት፤ ቀይሩት። ጎማውን እጠፉት፤ ስንጥቅ ካሳየ ይበቃዋል። ማሰሪያ ፋሸታ የሌለው ጫፍ አትተዉ። ስንት ዓመት አገልግሎ እንደሆነ ካላወቃችሁ መልሱ ቀላል ነው፤ ዛሬ ቀይሩት፣ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። የሚረሳው ደግሞ ያ ማርሽ ሣጥኑ ጋ ያለው ነው፤ ከታች ካልተገባ አይታይም።

የካርቡሬተሩ ክዳን ዙሪያ እርጥብ ከሆነ ካቻቢቴ ይዞ ብሎኖቹን ማጥበቅ የመጀመሪያው ስሜት ነው። ሲበዛ ግን ክዳኑ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ጓርኒሲዮንም አይገጥምለትም። ጎኑ ላይ ያለችው የትንሿ ፓምፕ ስስ ጎማ ስትቀደድም እዚያው ታረጥባለች። የዘይት መለኪያውንም አውጥታችሁ አሽትቱ። ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተ፣ መጠኑም ካለፈው ሳምንት ከፍ ካለ፣ የዋናው ፓምፕ ሽፋን ተቀዶ ወይም ሳህኑ እየገነፈለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ወርዷል። እንዲያ ያለችን መኪና መንዳት ሞተሩን በገዛ እጅ መፍጨት ነው። ዘይቱ ተቀይሮ፣ ምክንያቱ ተገኝቶ ነው የምትነሳው።

ማፍሰሱ ሁሉ ተዘግቶ አሁንም ትኩስ ሆና የምታስቸግር ከሆነ ያኔ ሙቀቱን ክሰሱት። ሞተሩን ዙሪያውን የሚከበው ጥቁር የላስቲክ ጠርዝና ጥቁሮቹ የቆርቆሮ ሽፋኖች ለጌጥ አይደሉም። ከታች ያለውን ትኩስ አየር ከላይ ካለው ቀዝቃዛ አየር የሚለዩት እነሱ ናቸው። ሞተር ሲወርድ ሲወጣ «ምን ያደርጋል» ተብለው ይጣላሉ፤ ከዚያ ማራገቢያው ከማርሚታው የወጣውን ግለት መልሶ ይስባል። ኮንዴንሰርና ኮይል ከመቀየር በፊት ይህን ላስቲክ መልሱ። የማቀጣጠያው ሰዓት ዘግይቶ ከሆነም ሞተሩ ያለአግባብ ይግላል፤ ይስተካከል። አየር መዝጊያውን ቾክንም እዩ፤ ቮልስ ላይ በኤሌክትሪክ እየሞቀ የሚከፈት ነው፤ ሽቦው ከወለቀ ሞቃም ተዘግቶ ይቀራል፣ ሞተሩንም ያፍናል። ሞቃ ሳለች ክዳኗ ቀጥ ብላ መቆም አለባት።

አንድ ምክር ደግሞ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ «ከካርቡሬተሩ ሥር የሚያልፈውን የጭስ ቱቦ ድፈነው፣ ይቀዘቅዛል።» አትድፈኑት። በሐምሌና በነሐሴ ቅዝቃዜና እርጥበት ውስጥ ቤንዚን ሲተን ካርቡሬተሩን አቀዝቅዞ ውስጡ በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ ያ ቱቦ የተሠራው ለዚህ ነው። በበጋ ደፍኖ በክረምት እንጦጦ ዳገት ላይ መቆም ትርፉ ምንድን ነው?

ጋራዦችንም አንድ ነገር ልጠይቅ። በሃይላንድ ቤንዚን ይዞ ካርቡሬተር ጉሮሮ ላይ እያንጠባጠቡ ማስነሳት ይቁም። ሞተሩ በጉሮሮው በኩል አንዴ እሳት ከተፋ ጠርሙሱ ያለው በልጁ እጅ ላይ ነው። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ብየዳ የሚሠራው ሰው አሥር እርምጃ ራቀ ማለት ዋስትና አይሆንም። ወጣት ረዳት የሚያሠራ ጋራዥ ይህን ከልክሎ ሲገኝ ደንበኛው ቢያመሰግነው ጥሩ ነው።

መኪናዋ እየሄደች ሽታው በድንገት ከጨመረ ዳር ያዙ፣ አጥፉ፣ ሁሉም ይውረድ። ጭስ ካለ የኋላውን ክዳን ወለል አድርጋችሁ አትክፈቱ፤ አየር ታበሉታላችሁ። በትንሹ ገርበብ አድርጋችሁ ማጥፊያውን በክፍተቱ ልቀቁት። እግረ መንገዴን፣ የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ ሊያቀጣጥል ስለሚችል ባትሪው መከለያ ይኑረው። ሦስት ጓደኛ ጭናችሁ ቪዲዮ ከመቅረጻችሁ በፊት ወንበሩን አንሱና እዩት።